ከሽቦ የወጡ ዶሮዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 5። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ቲማቲሙን አጠጣሁ። ቃሪያውን አጠጣሁ። ምስጥ የበላውን ጎመን ነቅዬ ጣልኩ። ነፋሱ ገና በጠዋቱ ተነሥቷል። የናዝሬት አቧራ እንደ ቀበሌ ሰው ነው፤ ሳይጠራ ይገባል፣ ሳያስፈቅድ ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ዶሮ ተጨመረልኝ። ዘውዱ፣ የባለቤቴ የአስቴር ታናሽ ወንድም፣ ትናንት በጆንያ አምጥቶ አራገፋቸው። ዱከም አጠገብ ባለ አንድ የመንግሥት ዶሮ እርባታ ሾፌር ነው። እዚያ የፈረንጅ ዶሮዎች ዕድሜ ልካቸውን በሽቦ ሣጥን ታጭቀው እንቁላል ይጥላሉ። መጣል ሲቀንሱ በጅምላ ይወገዳሉ። አስቴር ይህን ሰምታ አለቀሰች። ሰው በየጎዳናው ሲወገድ ባየንበት አገር ለዶሮ የምታለቅስ ሴት ማግባቴን ያወቅሁት በስተርጅና ነው።

ደብተር ሆይ፣ ብታያቸው። አንገታቸው የተላጨ፣ ጀርባቸው የተራቆተ፣ የምንቃራቸው ጫፍ የተቆረጠ፣ ጥፍራቸው እንደ ድሮ መኳንንት የረዘመ። ጆንያው ሲፈታ አልሮጡም። አልጮኹም። በወደቁበት ተከምረው ቀሩ። አስቴር ግን ትልና ምስጥ ይለቅማሉ፣ ኩሳቸው አፈሩን ያጠግባል፣ የአትክልት ሠራተኞች ናቸው ትለኛለች። እኔ የማየው ጡረተኞችን ነው። ለዚህ ቤት ደግሞ አንድ ጡረተኛ ይበቃዋል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

መሬት አያውቁም። አፈር ላይ ሲቆሙ አንድ እግራቸውን ያነሣሉ፣ ያስባሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ። የሚረግጡት ሽቦ ጠፍቶባቸዋል። ዘመኔን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ደደብ አይቻለሁ፤ ፀሐይ የሚፈራ ግን አላየሁም። ጥላው ሲሸሽ እነሱም አብረው ይሸሻሉ።

አስቴር ተንበርክካ በጣቷ አፈር ትጭራለች። እንዲያዩ ነው። የስልሳ ዓመት ሴት። ጎረቤታችን አደ ጫልቱ በአጥሩ አሻግራ አይታ ሳቀች፤ የሷ የሐበሻ ዶሮዎች ጭላት የሚያባርሩ ጉልበተኞች ናቸው። የወለንጪቲ ሰው ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማል። እነዚህን ምን ልታደርጓቸው ነው አለች። አስቴር፣ ጓሮ ሊጠብቁልን ነው ብትላት፣ ማን ደግሞ እነሱን ሊጠብቅ ነው አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአደ ጫልቱ ጋር ተስማማሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዷ ሞተች። ምንም አልደረሰባትም። ዝም ብላ ሞተች። አስቴር ከፓፓያው ሥር ቀበረቻት። ለፓፓያው ጥሩ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን ጫሩ።

አንዷ ጀመረች። ሌሎቹን የምትጫን ክፉ ናት፤ ሊቀመንበሯ እላታለሁ። ጎመን በነበረበት መደብ ላይ ቆማ አንዴ ጫረች፣ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች፣ የጫረችውን አየች። ምስጥ። ነጭ፣ የሰባ፣ የሚርመሰመስ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላወቀችም። ሌሎቹም በወረፋ ተከተሏት። ወረፋ ይችሉበታል፤ በመንግሥት ቤት ነው ያደጉት።

አስቴር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትመለከታለች። ደስታዋ የሚያናድድ ነው። መደቡ ግን እስከ ምሽት ጸዳ። እኔ ክረምቱን ሙሉ አመድ ነስንሼ፣ ጋዝ አፍስሼ፣ ተራግሜ ያላጸዳሁት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ዓርብ ዕለት ቆስጣዬን በሉት። ሙሉውን መደብ! የተከልኩትን፣ ከቦኖ ውሃ ተሰልፌ ያጠጣሁትን፣ ነገ ይቆረጣል ያልኩትን። አስቴር የዶሮ ቤቱን በር ረስታ። ሊቀመንበሯ የመጨረሻውን ቅጠል አፏ ላይ እንዳንጠለጠለች ተመለከተችኝ። አርዳታለሁ አልኩ። አስቴር፣ እሠራለሁ ስትል የከረምከውን አጥር አጥረህ ቢሆን ኖሮ፣ አለችና አቋረጠች። ስታቋርጥ ከምትጨርሰው በላይ ነው የምትናገረው።

ስለዚህ አጠርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የግራር እሾህ። እጄ ወንፊት ሆነ። ጓሮው አሁን በአራት ተከፍሏል። ሰብሉ የተነሣበት ክፍል ለእነሱ ይለቀቃል፤ ምስጡንና ትሉን ይለቅማሉ፣ የአረሙን ሥር ያወጣሉ፣ ኩሳቸውን ይጥላሉ። ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው። እነሱ በለቀቁት ላይ እኔ እተክላለሁ። ቀላል ክፍፍል ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይገባዋል፤ ዶሮም ገባት።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ላባ እያበቀሉ ነው። መልክ ግን አላወጡም። አሁን ጫጫታ ተምረዋል፤ የባልዲ እጀታ ሲሰሙ ከያሉበት ይንጋጋሉ። በእግሬ መሀል ይገባሉ። ትናንት በእነሱ ምክንያት ወደቅሁ። ሊቀመንበሯ ወጥታ ጉልበቴ ላይ ቆመች። አላባረርኳትም፤ መነሣት ስላቃተኝ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9

የቀበሌ ስብሰባ። ከጠ. 2 እስከ ቀትር። ስም ይጠራል፣ መፈክር ይባላል፣ ግራ እጅ ይነሣል። እኔ እጄን አነሣለሁ፤ በሐሳቤ ግን ሽንኩርት እተክላለሁ። አስቴር አታነሣም። ጴንጤ ናት፤ እጄን የማነሣው ለአንድ ብቻ ነው ትላለች። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆየ። እህል መጋዘን ሆኗል፤ እህሉ የት እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። ወንጂ በአፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በራሽን የሚሰጥ መንግሥት እንዲህ ያለው ተአምር አይከብደውም።

ሊቀመንበሩን ታውቀዋለህ፤ ለገሰ። የኔ ተማሪ ነበር። ክፍልፋይ መደመር አቅቶት ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል የተቀመጠ፣ ከመስኮቱ ሥር። አሁን ሽጉጥ አለው፣ የሰፈሩንም እህል የሚያካፍለው እሱ ነው። ዛሬ ተነሥቶ፣ የጓድ ሰይፉ ጓሮ የቀበሌያችን ሞዴል ጓሮ ሆኗል፣ አለ። ተጨበጨበ። ለዶሮዎቹ ነው መሰለኝ። አስቴር አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ጓሮው ሞዴል ስለሆነ የሚጎበኝ አይጠፋም። ስለዚህ የአስቴር ጓደኞችም ማክሰኞ ማክሰኞ «ልምድ ሊቀስሙ» ይመጣሉ። አራት ሴቶች ናቸው ከሷ ጋር። ታላቃቸው ወ/ሮ ማርታ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ስኳር ያለባት። አረም እየነቀሉ በቀስታ ይዘምራሉ። የአረሙ ግማሽ ይቀራል። ዜማው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣና ለመውረድ ያመነታል። ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ ዝማሬው በጫጫታው ይሸፈናል። ብልጠት መሆኑ ነው። አይበቃም አልኳት። እግዚአብሔር ያውቃል አለችኝ። እሱማ ያውቃል፤ የኔ ስጋት ሌላ የሚያውቅ እንዳይኖር ነው።

ዛሬ ደግሞ ለገሰ አንድ ካድሬ ይዞ ድንገት መጣ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ካድሬው ወጣት ነው፣ ከሩቅ የመጣ፣ ጫማውን ከኩስ እየጠበቀ። ለገሰ ያስረዳዋል፤ ዶሮዎቹ በሽቦ ውስጥ እያሉ ንቃት አልነበራቸውም፣ አሁን ተደራጅተው ምርት ጨመሩ ይለዋል። ካድሬው ይጽፋል። ማን እንዳደራጃቸው ጠየቀ። ለገሰ ቀበሌው ነው አለ። ሊቀመንበሯ የካድሬውን የጫማ ክር ጎተተች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም።

ሲወጡ ካድሬው ወደ ኋላ ዞሮ ሴቶቹን አያቸው። ለገሰን አንድ ነገር ጠየቀው። አልሰማሁም። ደስታዬ እዚያ ላይ አለቀ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ወሰዷቸው።

ቀትር ላይ ነው። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፣ ፉርሽካ ልገዛ። ስመለስ በሩ ክፍት፣ ዶሮዎቹ ቲማቲሙ ውስጥ። አደ ጫልቱ በአጥሩ ነገረችኝ። አብዮት ጠባቂዎች መጡ፣ አስቴርን ወሰዱ፣ ሦስቱንም ከየቤታቸው ለቅመዋል። ክሱ በሞዴል ጓሮ ሽፋን የመጤ ሃይማኖት ስብሰባ። አደ ጫልቱ የእምነታቸው ሰው አይደለችም። ዋቃዮ ሁሉንም ያያል አለችኝ። ይይ እንጂ፤ እስካሁን ሲያይ ነው የቆየው።

ዶሮዎቹን ከቲማቲሙ አስወጣሁ። ሌላ የማደርገው አጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ብርድ ልብስና ምግብ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሁለት ብርድ ልብስ፤ አንዱን ለማርታ ስጧት አልኩ። ዘበኛው የበረበረው ምግብ ተነካክቶ ገባ። ማየት አይቻልም ተባልኩ። በእስር ክፍሉ የጣውላ ግድግዳ በኩል ሳል ሰማሁ። የአስቴር አይደለም፤ የሷን አውቀዋለሁ።

ለገሰ አስገባኝ። ሰው ፊት «ጓድ ሰይፉ» ነኝ። በሩ ሲዘጋ «ጋሼ» ሆንኩ፣ እርስዎም ተባልኩ። ወንበር ሰጠኝ። ሴቶቹ መፈክር ብለው፣ እጃቸውን አንሥተው፣ ሁለተኛ አንሰበሰብም ካሉ ቀላል ነበር አለኝ። አራቱም እምቢ ብለዋል። ጉዳዩ ወደ ላይ ሊተላለፍ ይችላል። ወደ ላይ የሚለውን ጣራውን እያየ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጡብናል። በገበያ ዶሮ የለም። የእርስዎዎቹ ደግሞ አሁን ወፍረዋል።»

«ሚስቴስ?»

«ዶሮዎቹ ሲመጡ እሷም ትመጣለች።»

ጾመ ነቢያት ነው አልኩት። እናቱ ወጥ የምትቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱም በስውር ሲሳለም አይቼዋለሁ። ፊቱ ቀላ። አብዮቱ አይጾምም አለኝ።

ክፍልፋይ ያልገባው ሰው ይህን ሒሳብ በአንዴ ሠራው። እኔም ሠራሁት። ምን ያሳስባል? ከመወገድ የተረፉ ላባ ቢሶች ናቸው። እሺ አልኩ። እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

አስረከብኩ።

ዶሮ መያዝ ከባድ ነው ይባላል። አደ ጫልቱ የራሷን አንዷን ለመያዝ ሰፈሩን ትዞራለች። እኔ ባልዲውን አንኳኳሁ። መጡ። ሁሉም። ሊቀመንበሯ ፊት ፊት። እያነሣሁ እግራቸውን አሰርኩ፣ አልታገሉኝም። አንዷ ስትታሰር ክንዴ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላሉ። እኔ ማታለል እንኳ አላስፈለገኝም።

አደ ጫልቱ አጥሩ ላይ ነበረች። አልሳቀችም። አከም ቡልቴ ብላ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

በጋሪ ወሰድኳቸው። አብዮት ጠባቂው እንደ ሽንኩርት ዘለላ እየያዘ ተቀበለኝ። ጋሪው ሲመለስ ባዶ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27። ከቀኑ 10 ሰዓት

አስቴር መጣች። ብቻዋን፣ በእግሯ። ከስታለች። ነጠላዋ የጣውላ አቧራ ሆኗል። ውሃ አሞቅሁላት፤ ታጠበች፤ ሽሮ ሠርቼ ነበር፣ ትንሽ ቀመሰች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆየች። ተመልሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

ለገሰ ነግሯታል። ስትወጣ፣ ባልሽ ጥሩ ሰው ነው ብሏታል።

ነገሩን አስረዳሁ። ዶሮ ዶሮ ነው አልኩ። ሰው ሰው ነው አልኩ። እዚያው እርባታው ቢቀሩ እስካሁን ተጥለው ነበር አልኩ። ሁሉም እውነት ነው። አንገቷን ነቀነቀች። በዶሮዎቹ አልተቆጣችም።

«ማርታስ?» አለች።

ስለሷ አልተነሣም አልኩ።

«እንግዶች ይመጡበታል፣ ዶሮ ከገበያ ጠፍቶበታል፣ ጨንቆታል። ለአራታችንም አይበቁም ነበር?»

ሳህኗን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«አልጠየቅህም» አለች።

«አልጠየቅሁም።»

ደብተር ሆይ፣ አልደበቅሁም፤ አልመጣልኝም። ሚስቴስ አልኩ፣ ትመጣለች አለ፣ ተጨባበጥን። ለገሰ የጠየቅሁትን ሰጠኝ፤ ሌላውንም ብጠይቀው ኖሮ ይሰጠኝ ነበር። የጨበጥኩት የተቸገረ ሰው እጅ ነው፤ አሁን ሳስበው ላብ ነበረው። ሳስተምር ጥያቄውን ሙሉውን አንብቡ እያልኩ ስንቱን ልጅ በማስመሪያ መታሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ከቀበሌው የቁሌት ሽታ እስከ ሰፈራችን መጣ። አስቴር መስኮቱን ዘጋች። ዛሬም ለማርታና ለሌሎቹ ምግብ ይዛ ሄዳ ነበር። ከበር መለሷት። ሳሉ ይሰማል አለችኝ። የስኳር መድኃኒቷ ይግባ አይግባ ማንም አልነገራትም።

ከሰዓት በኋላ ለገሰን በመንገድ አገኘሁት፤ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ። ሥጋቸው ጠንካራ ነው ጋሼ፣ አለኝ። ይህን ያህል ነው ያለው። የቀሩት ሴቶች መቼ ይወጣሉ አልኩት። ሲገባቸው አለኝ። የተማሪዎቼን ስህተት አርምበት የነበረው ድምፅ ነው፤ ከኔ የተማረው እሱን ብቻ ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

ሦስቱም ወጡ። የማርታ እግር አብጦ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ። ወደ ላይ የሚያስተላልፍ ሰው አልተገኘም፤ ካድሬው ወደ ሻሸመኔ ተዛውሯል። ሴቶቹ ያስፈታን ጸሎት ነው ይላሉ። እኔ የምለው ስንፍና ነው። ግን የፈጣሪ ሥራና የቢሮ ስንፍና እንዴት እንደሚለያዩ ማንም አላስተማረኝም።

ማርታን ልጠይቅ አብሬ ሄድኩ። መሄድ አልፈለግሁም። አልጋ ላይ ሆና እጄን ያዘች። ስለ ብርድ ልብሱ አመሰገነችኝ። ያ ብርድ ልብስ ባይኖር አልፍ ነበር አለች፤ ልጆቿ ፊት፣ ጮክ ብላ። አስቴር ግድግዳውን ታያለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም፣ ያኔም በኋላም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ምስጋና እንዲህ እንደሚገርፍ አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

ምስጡ ተመለሰ። የሽንኩርቱን ችግኝ ከሥሩ ቆርጦ አስተኝቶታል። ባዶውን መደብ በመቆፈሪያ ስገለብጥ ዋልኩ፤ ወገቤ አልቋል፣ ምስጡ አላለቀም። ጓሮው ጸጥ ብሏል። ባልዲውን ሳስቀምጥ እጀታው ጮኸ፤ ዞር አልኩ። የለመደ ሰው ሞኝ ነው።

ከዚያ እጄን ታጥቤ ቀበሌ ሄድኩ። አልተጠራሁም። ለገሰ ሁለት ሰዎች ይዞ ነበር። ይውጡ አላልኩም። ሴቶቹ ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ በኔ ግቢ ይሰበሰባሉ አልኩት። ለአረም አይደለም፣ ለጸሎት ነው። ግቢው የኔ ነው፣ የጠራኋቸውም እኔ ነኝ፤ የሚታሰር ካለ ከኔ ጀምር።

ሰዎቹ ተያዩ። ለገሰ «ጋሼ» ማለት ረሳ፤ ወይም አስታውሶ ተወው።

«ጓድ ሰይፉ ጴንጤ ሆኑ እንዴ?»

«አልሆንኩም። ዜማቸውም አይጥመኝም።»

ሰኞ ጠዋት ለጥያቄ ቅረብ ተብያለሁ። ቤት ስገባ ለአስቴር ነገርኳት። ወጡ ውስጥ ጨው መጨመሯን ረስታ ሁለቴ ጨመረች። በላሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6። ማለዳ

ዘውዱ ዛሬ እርባታው ዶሮ ያስወግዳል ብሎ ላከ። ከመወገዳቸው በፊት ለመድረስ ቶሎ መውጣት ያስፈልጋል። አስቴር ልትሄድ ስትነሣ፣ ተቀመጪ፣ እኔ እሄዳለሁ አልኳት። ለምን አለች። ከእሾህ አጥሩ ውስጥ ባዶውን መሬት መገልበጥ ሰልችቶኛል አልኳት። አመነችኝም አላመነችኝም ኮቴን አምጥታ ሰጠችኝ።

ሰኞ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት ማክሰኞ ጓሮው ሰው ሲሞላ እኔ በጣውላው ግድግዳ ወዲያ እሆናለሁ። ይሁን። እነዚያ አስቀያሚዎች እስኪጭሩ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አስቴር ታስተምራቸዋለች። አጥሩ ደህና ነው። በሩን ግን ትረሳለች፤ ለአደ ጫልቱ ልነግራት ይገባል፣ አሁኑኑ፣ የዱከሙ መኪና ሳያመልጠኝ።